«ጎረቤቶች ይከታተሉኛል» ለሚል የቤተሰብ አባል ምን ይመለስለታል?

ልጁ ከክፍሉ መውጣት አቁሟል። መስኮቱን ቀንም ሌሊትም ይዘጋል፤ ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ እናቱ ያቀረበችለትን ምግብ እሷ ቀድማ ካልቀመሰችው አይነካም። ሲጠየቅ «ከላይ ያሉት ጎረቤቶች የምናገረውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ወደ ሥራ ስሄድም መኪና ያስከትሉብኛል» ይላል። እናት «ማንም የለም» ብላ ትምላለች፣ አባት ይቆጣል፣ ታላቅ ወንድም ይስቃል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት እሱን ለመመለስ ብለው ነው፤ ልጁ ግን ከቤተሰቡ መካከልም ማንን ማመን እንዳለበት ግራ ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ነገር በየትኛውም አገርና ሕዝብ ያጋጥማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ሕመም ብቻውን ከ300 ሰዎች አንዱን ያህል ይይዛል። በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ በእስራኤል ኑሮ ደግሞ በውትድርና ወይም ከውትድርና በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራና በያቭኔ በሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቤተሰቦች ላይ ግን ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። ልጁ የሚሰማውን የሚናገረው በዕብራይስጥ ነው፤ እናቱ የምትጨነቀው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። ከዚያም በላይ የትኛው እምነት ከአገር ቤት የመጣ ባህል፣ የትኛው ጥርጣሬ በእውነት በደረሰ በደል ላይ የቆመ፣ የትኛው ደግሞ ሕመም እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ለሰውየው የሚሰጠው መልስ በዚህ ልዩነት ላይ ይመሠረታል።

ባህል፣ ጥርጣሬና ሕመም

በእስራኤል ሐኪሞች «ማሕሼቬት ሻቭ» የሚሉት፣ ማስረጃ ቢቀርብለትም ከማይለወጥ ሰው ጋር የተጣበቀ ከእውነታ የራቀ እምነት ነው። ትርጓሜው ሁለተኛ ክፍልም አለው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያ እምነት ሰውየው ያደገበት ማኅበረሰብ የሚጋራው ከሆነ እንደ ሕመም አይቆጠርም።

ቡዳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቤተ እስራኤል በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ዘንድ «ቡዳ» ይባሉ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለም ይወራባቸው ነበር። ያንን ያመነ ሰው ተሳስቷል፣ በድሏልም። የአእምሮ ሕመምተኛ ግን አልነበረም፤ ያመነው መንደሩ በሙሉ የሚያምነውን ነው። ስለዚህ ዛሬ አንዲት አያት በያቭኔ «ልጁን ዓይን በልቶት ነው» ቢሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለም።

ዛርም እንዲሁ ነው። ግሪሳሩ፣ ቡዶቭስኪና ዊትስተም የተባሉ የእስራኤል ባለሙያዎች በ1997 ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ ስለሚታየው ዛር ሲጽፉ ያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ሕመም ነው ወይስ የባህል መገለጫ? ዛር የራሱ ሥርዓት አለው። ይመጣል፣ ቡናና ሽቶ ወይም ልብስ ይጠይቃል፣ ሲሰጠው ይበርዳል። በመካከሉ ሰውየው ይሠራል፣ ይጫወታል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ሕመሙ ግን ሥርዓት አያውቅም። ጠይቆ አይበርድም፤ ሰውየውን ከሥራ፣ ከእንቅልፍና ከወዳጅ እየነጠለ ይወስደዋል። ዛርን በደንብ የሚያውቁ አሮጊቶች «ይሄስ ዛር አይደለም» ካሉ፣ ከብዙ መጠይቅ የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባ ቃል ነው።

በደል ላይ የቆመው ጥርጣሬ ደግሞ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም ሳይነገራቸው ይጣል እንደነበር በጥር 1996 በጋዜጣ ተጋለጠ። በጥር 2012 በቂርያት ማላኺ አንዳንድ የሕንፃ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ተሰምቶ በከተማዋም በኢየሩሳሌምም ሰልፍ ወጣ። ስለዚህ «ጎረቤቶቼ እዚህ እንድኖር አይፈልጉም» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሐኪም ንግግሩን ቸኩሎ እንደ ሕመም ሊመዘግበው ይችላል። ቤተሰብም በተቃራኒው ይሳሳታል፤ «ልክ ነው፣ ይጠሉናል» እያለ ሕመሙን ለዓመታት ሳያየው ይቀራል።

የሚለየው ስፋቱ ነው። የበደል ጥርጣሬ ስም፣ ቦታና ቀን አለው፤ ሌሎችም ያዩታል፤ ሁኔታው ሲለወጥ ይለሰልሳል። ሕመሙ ግን በየሳምንቱ ይሰፋል። መጀመሪያ አንድ ጎረቤት ነበር፤ ከዚያ የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ከዚያ በቴሌቪዥን ዜና የሚያነበው ሰው፣ በመጨረሻም የገዛ እናት ሴራው ውስጥ ትገባለች።

በሱዳን መንገድ ቤተሰብ የቀበሩ ሰዎች የሟችን ድምፅ መስማታቸው፣ በሕልምም ሆነ በንቃት ማየታቸው ብቻውን የአእምሮ ሕመም ምልክት አይደለም። ኀዘን እንዲህ ያደርጋል። ድምፁ ማዘዝ፣ መሳደብ ወይም «ራስህን ግደል» ማለት ሲጀምር ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያስፈልጋል።

የማይለቅ ሐሳብ

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕመም አለ። አንዲት ሴት እጇን አርባ ጊዜ ትታጠባለች፤ በሩን መቆለፏን ለማየት ከመኪና ማቆሚያው ሦስት ጊዜ ትመለሳለች። ልዩነቱ እሷ ራሷ ነገሩ ልክ አለመሆኑን ማወቋ ነው። ታፍራለች፣ ትደብቃለች፣ ግን ማቆም አትችልም።

የንጽሕና ሕግ ለቤተ እስራኤል ባዕድ ነገር አይደለም። «አትንኩኝ» የሚለው ሥርዓት፣ ከገበያ ሲመለሱ ወንዝ ወርዶ መታጠብ፣ የመርገም ጎጆ፣ እነዚህ ሁሉ ሃይማኖት ነበሩ። ሃይማኖቱ ግን ልክ አለው፤ ታጥቦ የወጣ ሰው ነጽቷል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። ቄሱ «ይበቃል» እያሉ እጅ መታጠቡን ካላቆመ ነገሩ ከሥርዓቱ ወጥቷል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቤተሰብ የሚያደርገው የተለመደ ስሕተት ደግነት ነው። «በሩ ተቆልፏል፣ አይቼዋለሁ» የሚለው ማረጋገጫ ለአምስት ደቂቃ ያሳርፋል፤ ከዚያ ጥያቄው በርትቶ ይመለሳል። የሚሻለው በፍቅር እምቢ ማለት ነው፦ «እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ደግሜ ብነግርሽ ግን ሕመሙን ነው የማበላው። ነይ፣ እስኪበርድልሽ አብሬሽ ልቀመጥ።» ሕክምናውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሰውየው የሚፈራውን ነገር ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ እየተጋፈጠ ሳይታጠብ፣ ሳያረጋግጥ መቆየትን ይለምዳል፤ ካስፈለገም መድኃኒት ይታከልበታል።

ምን ይባላል፣ ምን አይባልም

ወደ ልጁ እንመለስ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዣቪየር አማዶር ወንድሙ በስኪዞፍሬንያ ታሞ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ያስረዳው ነገር ብዙ ቤተሰቦችን አሳርፏል፦ ብዙ ሕመምተኞች «አልታመምኩም» የሚሉት ከግትርነት አይደለም። ሕመሙ ራሱ መታመማቸውን ይጋርድባቸዋል። ስለዚህ ክርክር አያሸንፍም። አማዶር የሚመክረው መስማትን፣ ስሜቱን መጋራትን፣ በሚስማሙበት ነገር ላይ መስማማትንና በዚያ ላይ አብሮ መሥራትን ነው።

በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ልጁ «ይሰሙኛል» ሲል እናቱ «የለም» አትልም፤ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ማለትም የለባትም። «ልጄ፣ እኔ አልሰማሁም። አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ፤ እንቅልፍህንም ወስዶብሃል። እንዲህ እየፈሩ ማደር ይከብዳል» ልትለው ትችላለች። ይህ ውሸት የለበትም፣ ክርክርም የለበትም። የሚመልሰው ለፍርሃቱ ነው።

ቆይቶ «እማ፣ ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ አዎ ወይም አይደለም ለማለት መቸኮል አያስፈልግም። «የማስበውን እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ ግን ያንተን ጨርሼ ልስማ» ማለት ይቻላል። ደጋግሞ ከጠየቀ፦ «እኔ ነገሩን እንዳንተ አላየውም፤ ልሳሳት እችላለሁ። በዚህ እንዳንጣላ እፈልጋለሁ።» «ልሳሳት እችላለሁ» የሚለው ቃል ለኢትዮጵያዊ አባት ከአፍ ለመውጣት ይከብዳል። ቢሆንም በሩን ክፍት የሚያቆየው እሱ ነው።

ከዚያ የጋራ ነገር ይፈለጋል። «ታመሃልና ሐኪም ቤት እንሂድ» ከማለት «እንቅልፍህ እንዲመለስ ሐኪሙን እንጠይቀው» ማለት ይሻላል። ልጁ ሥራውን፣ መንጃ ፈቃዱን ወይም እጮኛውን ማጣት አይፈልግ ይሆናል። ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ በዚያ በኩል ሊከፈት ይችላል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይደረግም፦ መድኃኒትን በቡና ወይም በሽሮ ውስጥ ደብቆ መስጠት። ብዙ እናቶች ተስፋ ሲቆርጡ ያስቡታል። ልጁ «ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምሩብኛል» ብሎ ከፈራ ግን፣ ያ ቀን ፍርሃቱ እውነት የሚሆንበት ቀን ነው። ሐኪሙ ሳያውቅ የሚሰጥ መጠንም አደገኛ ነው።

ለአረጋውያን አነጋገሩ ይለያል። የሰማንያ ዓመት እናት «ምራቴ ገንዘቤን ሰረቀችኝ» ቢሉ መልሱ «እማማ፣ ቦርሳዎ በመጥፋቱ ተናደዋል፤ አብረን እንፈልገው» ነው። ምራትን በፊታቸው ለፍርድ ማቆም አይገባም። እንዲህ ያለ ክስ በእርጅና ዘመን አዲስ ሲጀምር የመርሳት ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ ደግሞ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ትኩሳት ወይም የተቀየረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መመርመር አለባቸው፤ በካፕላንም ይሁን በባርዚላይ። በወጣቶች ላይ ሐሺሽና ጫት ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ፤ ይህን ከሐኪም መደበቅ ልጁን አይጠቅመውም።

አራስን ብቻዋን አለመተው የአያቶች ደንብ ነው። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ያጣች፣ የምትቀባዥር፣ «ሕፃኑ የኔ አይደለም» የምትል እናት ከተገኘች በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ትወሰዳለች። ነገሩ እምብዛም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ለእናትም ለልጅም አስጊ ነው፣ በሕክምናም በደንብ ይድናል።

ባል «ሚስቴ ከሌላ ሰው ጋር ናት» የሚለውን ሐሳብ ያለ ምንም ምክንያት ይዞ ስልኳን፣ ልብሷንና ሰዓቷን መቆጣጠር ሲጀምር፣ የሽማግሌ እርቅ ሊጎዳ የሚችልበት ቦታ ነው። ሽማግሌዎች ብዙ ትዳር አድነዋል። እዚህ ግን «ታረቂና ግቢ» ማለት ሴቲቱን ወደ አደጋ መመለስ ነው። መጀመሪያ የእሷና የልጆቿ ደኅንነት፣ ከዚያ የእሱ ሕክምና ይመጣል። የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር የስልክ መስመር 118 ነው።

ወዴት ይኬዳል?

ከሐምሌ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሆሊሞች ኃላፊነት ሥር ነው። ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሔዴት ወይም ሌኡሚት ቢሆን፣ ቅርቡ በር የቤተሰብ ሐኪሙ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው 7/11 በተባለ መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆኑ አዟል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ግን ይቅር። አባቱ «መሞት እፈልጋለሁ» ያሉትን በዕብራይስጥ የሚናገር ልጅ ሸክሙን ተሸክሞት ይኖራል፤ ወይም አዝኖ ሳይናገረው ይቀራል።

አስተርጓሚም ቢኖር ቃል ያሳስታል። «ሆዴ ተቃጠለ» ያለች እናት ለጨጓራ ምርመራ ልትላክ ትችላለች። «ብዙ አዝኛለሁ፣ አልተኛም፣ ልጄ አላምንሽም ይለኛል» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል።

ቄስና ሽማግሌ ከሕክምናው ጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ሐኪምን የማይሰማ ወጣት ያሳደጉትን ቄስ ይሰማ ይሆናል። ቄሱ «ጸሎቱንም እናደርጋለን፣ መድኃኒቱንም ትውጣለህ» ካሉት ብዙ መንገድ ተሄደ። በሰግድና በአስተሥርዮ ጾም ጊዜ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይጠጣ ሲውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይበዛና ሊመርዘው ይችላል፤ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት።

ሰውየው ሕክምናን ጨርሶ እምቢ ካለ የ1991 የአእምሮ ሕሙማን ሕክምና ሕግ ለአውራጃው ሳይካትሪስት፣ በዕብራይስጥ «ፕሲኪያተር መሖዚ» ለሚባለው፣ ሥልጣን ይሰጣል። በሕመሙ ምክንያት ፍርዱ ተዛብቶ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አፋጣኝ አካላዊ አደጋ ሊያደርስ ይችላል ተብሎ ሲታመን አስቸኳይ ምርመራ ይታዘዛል። አደጋው አፋጣኝ ባይሆንም ራሱን መንከባከብ ካልቻለ ወይም በሌሎች ላይ ከባድ ሥቃይ ካደረሰ አስቸኳይ ያልሆነ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል። የግዴታ ሆስፒታል ቆይታ መጀመሪያ እስከ 7 ቀን ነው፤ ሳይካትሪስቱ ለሌላ 7 ቀን ሊያራዝመው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው ኮሚቴ ነው፣ ታማሚውም ጠበቃ የማግኘት መብት አለው። ቂርያት ማላኺ በደቡብ፣ ገዴራና ያቭኔ በማዕከላዊው አውራጃ ስለሆኑ የሚደወልለት ቢሮ አንድ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ በጤና ሚኒስቴር መስመር ኮከብ 5400 መጠየቅ ይቻላል።

አደጋው በር ላይ ሲደርስ

በጥር 18 ቀን 2019 በባት ያም የ24 ዓመቱ ይሁዳ ቢያድጋ፣ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ወጣት፣ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። ቢላዋ ይዞ ከቤት ወጥቶ ነበር፤ ፖሊስ ወደ ባልደረባችን ሮጦ መጣ አለ፤ ቤተሰቡ ግን የደወለው እርዳታ ፈልጎ እንደነበር ተናገረ። በዚያው ወር ሺዎች በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቤቶች ውስጥ ወደ 100 መደወል ያስፈራል። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ማንንም አለመጥራትም መፍትሔ አይሆንም፤ የአሽቀሎኑ አቬራ መንግሥቱ በመስከረም 2014 ብቻውን ወደ ጋዛ ተሻግሮ እስከ የካቲት 2025 ሳይመለስ ቀርቷል፤ ቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ደጋግሞ ተናግሯል። ታሞ የጠፋ ሰው ሰዓታት ሳይቆጠሩ መፈለግ አለበት።

መደወል ግድ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቃላት ይወስናሉ። 101 አምቡላንስ፣ 100 ፖሊስ ነው። ከአድራሻው ጋር አብሮ «ሁ ሚትሞዴድ ኔፌሽ፣ ሁ መፋሔድ፣ ትኑ ሎ ዝማን» ማለት ያስፈልጋል፤ «የአእምሮ ሕመም አለበት፣ ፈርቷል፣ ጊዜ ስጡት» ማለት ነው። በእጁ ነገር ካለ ምን እንደሆነ፣ ከሌለም እንደሌለ ይነገራል። ቤት ውስጥ ያሉት ልጆችን ይዘው ይወጣሉ፤ አንድ ሰው፣ የሚያምነው ሰው ብቻ፣ ርቀት ጠብቆና በሩን ሳይዘጋበት በዝግታ ያነጋግረዋል። ሌላ ሰው ውጭ ወጥቶ ፖሊሶቹን ከመግባታቸው በፊት ያገኛቸዋል። ይህ ሁሉ ሰውየው በተረጋጋበት ጊዜ ከእሱ ጋር ቢመከርበት ይመረጣል፤ «ሲብስብህ ማንን እንጥራልህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ብዙ ነው።

ራሱን ስለመግደል እንደሚያስብ የተጠረጠረ ሰው በቀጥታ ሊጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም። የኤራን የስልክ መስመር 1201 ነው።

ከሆስፒታል በኋላ ያለው ጊዜ ረጅሙ ነው። በ2000 የወጣው የማገገሚያ ሕግ በቢቱዋሕ ሌኡሚ ቢያንስ 40 በመቶ የአእምሮ አካል ጉዳት ለተወሰነለት ሰው «ሳል ሺኩም» የሚባለውን አገልግሎት፣ ማለትም በመኖሪያ፣ በሥራና በማኅበራዊ ኑሮ የሚረዳውን፣ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በ1978 የተመሠረተው ኤኖሽ ማኅበርና ሚላም የሚባሉት የምክር ማዕከላት ለቤተሰብ አባላትም ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የሚደክመው ታማሚው ብቻ አይደለምና።

ለመጀመሪያው የሐኪም ቀጠሮ አንድ ደብተር ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በአማርኛ ቢጻፍም ችግር የለውም፤ አስተርጓሚው ያነበዋል። እንቅልፉ መቼ እንደቀረ፣ ከሥራ መቼ እንደወጣ፣ መጀመሪያ የተናገረው ነገር ምን እንደነበረ፣ የትኛውን መድኃኒት መቼ እንዳቆመ፣ ከዘመድ ማን ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት እንደነበር በቀን በቀኑ ይጻፋል። ሐኪሙ ለሃያ ደቂቃ ያየውን ቤተሰቡ ለስድስት ወር ሲያየው ኖሯል።